ለበር ጀርባዋን የምትሰጥ ሴት

ነታንያ ውስጥ፣ ዶራ ሰፈር ገብታችሁ ፈረደ የት ነው ብትሉ የሚያሳያችሁ አታጡም። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ጎንደር ገበያ ውስጥ፣ ለሰው ደብዳቤ ጽፎ ከሚያድር አንድ ጸሐፊ ጎን ቆሜ፣ እጁን በዓይኔ እየተከተልሁ ነው። በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ዕብራይስጥ የምታስተምረን ልጅ እግር መምህርት እንደ ሕፃን እያስደገመች ስታስጮኸን ተነሥቼ ወጣሁ፤ አልተመለስሁም። ቋንቋውን ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያ፣ ከሕንጻ መግቢያ ማስታወቂያ ላይ አንድ አንድ ቃል እየለቀምሁ ተማርሁት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለሰፈሩ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፍ ጀመር። ክፍል ውስጥ የቀሩት ግን እስከ ዛሬ "ሻሎም" ብለው ዝም ይላሉ።

ስልኩንም ማንም አላሳየኝም። ከእኩዮቼ መካከል በጣት የሚነካውን ስልክ መጀመሪያ የያዝሁ እኔ ነኝ። የሰፈራችንን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ስልክ አስገዝቼ፣ አሠራሩን አስተምሬ፣ በዋትሳፕ አንድ ቡድን ውስጥ ሰበሰብኋቸው። አርባ አንድ ነበርን። ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ የቄሱ መልእክት፣ ሞአዶን የምንለው የሽማግሌዎች መዋያ ቤት ጉዳይ፣ ሁሉም የሚወጣው በእኔ በኩል ነው። ቄሱ ራሳቸው "ፈረደ ባይኖር ደንቆሮ ሆነን እንቀር ነበር" ብለዋል። የሰሙ ሰዎች አሉ።

ይህን መጀመሪያ የጻፍሁት፣ የሠራሁትን ስሕተት ያላወቀ ሰው ሠራው እንዳይባል ነው። አውቅ ነበር። በጣም አውቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጧት ከጎረቤቱ ከተማ ከክፋር ዮና የትርንጎ ልጅ ደወለልኝ። "አባባ ፈረደ፣ እማዬ ዐረፈች። ቡድኑ ላይ ጻፍልን" አለኝ። የስንቱን ሞት ጽፌያለሁ፤ ቃል አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ስሟን ጽፌ ከስሟ ቀጥሎ የማስቀምጠው ጠፋኝ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ "ትርንጎ ዐርፋለች፤ ቀብሯ በስምንት ሰዓት ነው" ብቻ ብዬ ላክሁት። ያጎደልሁትን እዚህ እሞላለሁ።

እቴ ትርንጎ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። ቴል ሞንድ አካባቢ ብርቱካን ስታሽግ ኖራ፣ በኋላ ቁፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ሕክምና ቤት፣ ጽዳት ሠራች። ፊደል አታውቅም። እኔ ከምኖርበት ሕንጻ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነበረች።

የሰው በር ስታንኳኳ ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ "ትርንጎ ነኝ" ትላለች፣ ከዚያ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቆማለች። የከፈተላት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነጠላዋን ነው። "ግቢ" ካልተባለች አትዞርም። የአራተኛው ፎቅ ሩሲያዊት ጎረቤታችን አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁማ፣ "ያቺ ሴትዮ ምን አድርጌያት ነው ያኮረፈችኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለትርንጎ ስነግራት ሳቀች።

"ሰው በሩን ሲከፍት ቤቱ ገና አልተሰበሰበም" አለችኝ። "ራሱም አልተሰበሰበ። ሲሰበሰብ ይጠራኛል።"

ነፋስ ከሰው በረንዳ የታጠበ ልብስ ሲያወርድ የምታነሣው እሷ ነበረች። የሴት ልብስ ከሆነ በነጠላዋ ጠቅልላ ትወጣለች፤ የማን ምን እንደወደቀ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ወንድ ሳያውቅ ይደርሳል። ትንሽ ነገር ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትስት ያደረገቻት ግን ትልቅ ትሆናለች።

እኔን ቀድማ ያስጠነቀቀችኝ ሕክምና ቤቱ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን የአንዲትን ሴት የማኅፀን ሕመም፣ ሐኪሙ ራሱ እስኪደነቅ ድረስ ተረጎምሁ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጡት፣ የቱን ቃል በየቱ እንደመለስሁት ነገርኋቸው። ትርንጎ ወለሉን እየወለወለች ነበር። መወልወያዋን እግሬ ድረስ አምጥታ አቆመች።

"አያ ፈረደ፣ አፍህ በር የለውም?"

"ስሟን አልጠራሁም እኮ።"

"አሁን ማን ወጣ ከዚያ ክፍል? አንተና እሷ። እኛ ሁለት መቁጠር አያቅተንም።"

ተቆጣሁ። አንዲት ፊደል የማታውቅ ሴት እኔን በሰው ፊት ልታርመኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈግኋት። እሷ ግን በየጧቱ "እንደምን አደርህ" ማለቷን አልተወችም።

ዋናው ነገር የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በሕንጻችን ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ሺራ የምትባል ልጅ አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። አማርኛዋ ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ዕብራይስጥ። እኔን "ሳባ" ትለኝ ነበር፣ አያቴ ማለቷ ነው። ኤላድ ከሚባል ወጣት ጋር ታጭታ ነበር፤ ኋላ ትቼዋለሁ አለች። እሱም፣ ልብስ ስትቀይር ገርበብ ባለ በር ሳታውቅ ያነሣትን ፎቶ አውጥቶ ለዘመዶቿ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ በስልክ በተነው። ሺራ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰችው።

የኤላድ አባት ደምሴ ከቡድናችን አባላት አንዱ ነው። ሞአዶን መጥቶ እግራችን ላይ ወደቀ። ልጄ አጥፍቷል፣ ሽማግሌ ይግባበት፣ ክሱን ታንሣልኝ አለ። ተሰበሰብን። ሃያ አምስት ያህል ወንዶች ነበርን። ሺራ አልተጠራችም፣ እናቷም አልተጠራችም። ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም።

በአገራችን ሽማግሌ የድንበር ክርክር ሲይዝ እቤቱ ተቀምጦ አይፈርድም። ተነሥቶ ይሄዳል፣ ድንበሩን በእግሩ ይረግጣል፣ ምልክቱን በዓይኑ ያያል። ባየ የሚባለው አንጋፋችን ይህንኑ አነሣ።

"ድንበሩን ሳይረግጥ የፈረደ ሽማግሌ አላውቅም" አለ። "ፎቶው ምን እንደሆነ ሳናይ ልጅቷን በምን አፋችን ተይው እንላታለን?"

ሁሉም እውነት ነው አለ። ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ፤ ስልክ ሲሆን ወደ ማን ይዞራሉ? ፎቶው ለደምሴም ደርሶት ነበር፤ ስልኩን ተቀበልሁ፣ ፎቶውን አወጣሁ፣ አየሁት፣ ለቡድኑ ላክሁት። ሰው ውኃ ጠጥቶ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ አልፈጀብኝም። የክፍሉ ስልክ ሁሉ ባንድነት ጮኸ። እቤታቸው የቀሩትም ዘንድ ደረሰ። እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁ፤ በፍጥነቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፍርዳችንም ይህ ሆነ። ደምሴ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ክሱ ይነሣ፣ ልጅቷም ከእንግዲህ ትጠንቀቅ። ከምን እንደምትጠነቀቅ የጠየቀ አልነበረም።

በማግሥቱ ጧት በሬ ሁለት ጊዜ ተመታ። ከፈትሁ። ጀርባዋ ነው።

"ግቢ እቴ።"

"አልገባም። ቤት ውስጥ ሰው አለ?"

"ማንም የለም።"

"እንግዲያ ልብስህን አውልቅና በሩን ወለል አድርገህ ክፈት።"

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ምን አልሽ?"

"አርባ ሰው ደረጃው ላይ ሊቆም ነው። ሽማግሌዎች ናቸው፣ አይዞህ። ለፍርድ ነው።"

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። እሷም ሳትዞር፣ ፊቷን ወደ ደረጃው እንዳደረገች ተናገረች።

"የደም ጎጆዋን ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። በመንደራችን ሴት ወርኃዊ ደሟ ሲመጣ ከቤት ወጥታ፣ ዳር ላይ በተሠራች ጎጆ ትቆያለች። ጎጆዋን የድንጋይ ክብ ይዞራታል፤ ምግቧን አምጥተው ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ።

"አልወዳትም ነበር" አለች ትርንጎ። "ክረምት ታፈሳለች። ብርዷ አጥንት ይገባል። ካገሬ ስወጣ ዞሬ አላየኋትም። ድንጋዮቹ ግን አይረሱኝም። ጉልበት አይደርሱም፣ በግ ይዘላቸዋል። ስንት ሴት እዚያ ውስጥ ተቀመጠች፣ አንድ ወንድ አላለፋቸውም። ዓይኑንም አላሳለፈ። አንተ በአንድ ጣት አለፍኸው። አርባ ሰውም አስከተልህ።"

"አጠፋዋለሁ" አልሁ። "አሁኑኑ።" ስልኬን አንሥቼ የላክሁትን ከቡድኑ ላይ ሰረዝሁ። ስሰርዘው ከሁሉም ዘንድ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። "ዙሪና እዪ። ዱካው የለም።"

ያን ጊዜ ዞረች። "ባየ ቤት እንሂድ" አለች።

ባየ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖር። ስልኩን ተቀብዬ ከፈትሁ። መልእክቱ ጠፍቷል፤ ፎቶው ግን ከልጅ ልጆቹ ፎቶዎች መካከል ተቀምጦ ነበር። የሚመጣላቸው ፎቶ ሁሉ በራሱ እንዲቀመጥ አድርጌ የአርባውንም ስልክ ያዘጋጀሁ እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቻቸው መልክ እንዳይጠፋባቸው ብዬ። ሲያመሰግኑኝ ኖረዋል።

ትርንጎ ሺራ ዘንድ ቆይታ ነው የመጣችው። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታለች፣ ሥራ ካልሄደች አራተኛ ቀኗ ነው። በተዘጋው በር "አንድ ስልክ ላይ እንኳ እያለ አልወጣም። የማጥባቸው ሽማግሌዎች ዘመዶች እኮ አይተውኛል" ብላታለች። ፖሊስ ለማስረጃ የሚፈልገውን ከሺራ ከራሷ ስልክ ወስዷል፣ የኤላድንም ስልክ ይዟል፤ ዘመዶቿና የሥራ ባልደረቦቿም የደረሳቸውን አጥፍተዋል። ስለዚህ የቀረው አርባ ስልክና የእኔ ነው፤ በእጅ፣ ቤት ለቤት።

"ደረጃውን እኔም እወጣልሃለሁ" አለች ትርንጎ። "በር ላይ የምትናገረው ግን አንተ ነህ። ማን እንደላከው ትናገራለህ።"

ሥራው ቀላል ነበር፤ በአንድ ስልክ ላይ የሦስት ደቂቃ ነው። ንግግሩ ነው የከበደኝ። መጀመሪያው ቤት "ደምሴ ያመጣው ያ ፎቶ" ብዬ ስጀምር ከኋላዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደገና ጀመርሁ። "የላክሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልክህን ስጠኝ።" በሕይወቴ ከተማርኋቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይህን አማርኛ ለመናገር ነው የተቸገርሁ።

ስድስት ቀን ፈጀብን። የዶራ ሕንጻዎች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ አብጦ ነበር። በየፎቁ ትቆምና ግድግዳውን ይዛ ትተነፍሳለች። "አንቺ ታች ጠብቂኝ" ስላት "ታች ከቆምሁ አጭር አድርገህ ትናገራለህ" ትለኛለች። አልተሳሳተችም።

አንዱ ሽማግሌ ስልኩን ከዱቄት ዕቃ ውስጥ አውጥቶ ሰጠን። ፎቶው ከደረሰው ቀን ጀምሮ እዚያ ቀብሮት ነበር። "ልጆቼ ሲደውሉም አላነሣሁ" አለ። "ልጅቷ ውስጡ እያለች እንዴት ብዬ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ?" ትርንጎ እጁን ሳመችው። ሌላ የማንንም እጅ ስትስም አላየኋትም።

ባየ ግን በመጀመሪያው ቀን ስልኩን እየሰጠን እንኳ ክርክሩን አልተወም።

"እሺ፣ ይጥፋ። ቆይ ግን፣ ልጅቷስ ምን ትሠራ ነበር?"

"ልብሷን ትቀይር ነበር" አለች ትርንጎ። "አንተ ሳታወልቅ ነው የምትቀይረው?"

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች።

የመጨረሻው ደምሴ ነበር። በሩን ከፍቶ ሁለታችንንም አየና ዘጋው። ከውስጥ "ስልኬን ልጄ ላይ ማስረጃ ልታደርጉት ነው፣ ሂዱ" አለ። እኔ መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኙን ጨርሰናል፣ አንድ ቢቀር ምን ይደረጋል አልሁ።

"አንድ እንኳ እያለ አልወጣም ነው ያለችው" አለችኝ። ደረጃው ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። "ደምሴ" አለች ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "እዚህ ነኝ። አላይህም። ስትሰበሰብ ጥራኝ።"

ከቀትር በፊት የተቀመጥን እስከ አሥር ሰዓት ቆየን። ጎረቤት ይወጣል ይወርዳል፤ አንዷ ውኃ ሰጠችን። የደምሴ ሴት ልጅ፣ የኤላድ እኅት፣ ከሥራ ስትመለስ አገኘችን። ባንክ ነው የምትሠራው። ትርንጎ አጠገብ ቁጢጥ ብላ "እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት። ትርንጎ ወደ እኔ አየች። ተናገርሁ፤ አርባኛ ጊዜዬ ነበር፤ አላሳጠርሁትም።

ልጅቷ ሰማችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "በአባቴም ስልክ ላይ አለ?" አዎ አልኋት። ገባች። ውስጥ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ጩኸት አልነበረም። ስልኩን ይዛ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እጇን ብቻ ዘርግታ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ልማዳችንን ላድርስ አልሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የተበደለው ፊት ይወድቃል። ድንጋዩን መርጬ ነበር። ትርንጎ ከለከለችኝ።

"ሳትጠራህ አየሃት። አሁንም ሳትጠራህ ፊቷ ልትቆም ነው? ድንጋዩን አስቀምጠው። የምትጠራህ ከሆነ ትጠራሃለች።"

ሺራ በሳምንቷ ሥራ ገባች። እኔን ግን አልጠራችኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ስትመጣ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አሳለፍኋት። የእግሯን ኮቴ ከሰው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ክሷ የት እንደደረሰ እሷ ታውቃለች፤ እኔ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ትርንጎ አስገድዳኝ ይሁን እኔ ወድጄ፣ የሠራሁትን እዘረዝራለሁ። ሠርቶ የማይናገር ሰው አይደለሁም።

አርባ ስልክ አጽድቻለሁ። የራሴን አርባ አንደኛ አድርጌ፣ ትርንጎ ቆማ እያየች። ፎቶ በራሱ እንዳይቀመጥም የሁሉንም አሠራር መልሼ ለውጬያለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ፣ ፎቶውን ለአርባ ሰው የላክሁት እኔ መሆኔን በገዛ እጄ በዕብራይስጥ ጽፌ ፈርሜያለሁ። መኮንኑ ማን ጻፈልህ አለኝ፣ እኔ አልሁ። አንድ ፊደል ብቻ አረመኝ።

ሞአዶን ቆሜ ፍርዳችን ፍርድ አልነበረም ብያለሁ። አራት ሰው ከቡድኑ ወጣ፣ ደምሴም አንዱ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ገቡ። ከእንግዲህ የሴት ጉዳይ ሴቲቱ ሳትቀመጥ አይሰማም፤ ይህንን ያጻፈችን ትርንጎ ናት፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ለሴቶች ሐኪም ቤት ማስተርጎም ትቻለሁ። አንዲት ወጣት ሴት ለቦታዬ አሠልጥኛለሁ፤ እንደ እኔ ፈጣን አይደለችም፣ ግን ኮሪደር ላይ አትናገርም።

ያየሁትን ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልሁም። ይህን የማልችለው ሥራ ብላችሁ መዝግቡልኝ።

ትርንጎ ከመሞቷ አሥር ቀን በፊት፣ ታማ የገባችበት ክፋር ዮና ልጇ ቤት ልጠይቃት ሄድሁ። የተኛችበት ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ሰው አለ፣ ውኃ ይጨለፋል። ሁለት ጊዜ መታሁ። "ፈረደ ነኝ" አልሁ፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምሁ። ከዚያ የሚያጥባት ሰው አንሶላ ሲያነጥፍ፣ ልብስ ሲያለብስ፣ ቀስ ብሎ ሲራመድ ሰማሁ፤ ኮቴውን ዐወቅሁት። አልተንቀሳቀስሁም። ኮሪደሩ ላይ ሌላ የማየው አልነበረም፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀውን ቀለም ብቻ ቆጠርሁ።

ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ በሩ ከኋላዬ ተከፈተ።

"ሳባ" አለች ሺራ። "ተሰብስበናል። ግባ።"